«አል» የሚበላው ገደል

አገሩ የት ነው ብላችሁ አትድከሙ። ስሙንም አልናገርም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል፣ የማያውቀውም ጥቂት ከሰማ በኋላ «እሱን ነው እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ከፍ ያለ አምባ ነበር። አምባው ላይ ቤተ መንግሥት፣ ከአምባው ግርጌ ዓመት እስከ ዓመት የማይነሣ ደመና፣ ከደመናው ሥር ደግሞ ሕዝብ። ላይ ያሉት ደመናውን «ወለላችን» ይሉታል፤ ታች ያሉት «ጣራችን» ይሉታል። በአንዱ ወለልና በሌላው ጣራ መካከል ስንት ነገር ቀልጦ እንደሚቀር፣ ፎቅ ቤት ታችኛው ክፍል የኖረ ሰው አይጠፋውም።

የዚያ አገር ሹመት በቀስተ ደመና ነው። ንጉሡ ሐምራዊ ይለብሳል። ከእሱ ቀጥሎ ሰማያዊ ለባሾች፣ ከዚያ አረንጓዴዎች፣ ቢጫዎች እያለ ይወርድና ቀይ ላይ ያልቃል። ቀይ ለባሽ ማለት ዘበኛው፣ ባልደራሱ፣ የድግስ አሳላፊው ነው። ከቀይ ወዲያ ቀለም ስላልተገኘ፣ ከደመናው ሥር ያለው ሕዝብ በጅምላው «ከቀይ በታች» ይባላል። ሕጉም አጭር ነው፤ «ከቀይ በታች ያለ አይታይም።» አንድ ጊዜ አንድ አረንጓዴ ለባሽ በገደሉ አፋፍ ላይ እንጨት የምትለቅም ሴት አየሁ ቢል፣ ሐኪም ታዘዘለትና «አየሁ» ማለቱን እስኪተው ድረስ ዓይኑን አሸው።

ሌላም ሥርዓት ነበራቸው። ወደ ንጉሥ ዞሮ መጮኽ ነውር ነው። ንጉሡ ደግሞ ጆሮው ስለደከመ ሹክሹክታ አይሰማም። ይህን ያህል ቀላል ችግር ለመፍታት የአምባው ሊቃውንት ብዙ ተቀምጠው፣ ብዙ በልተው፣ እንዲህ ሲሉ ወሰኑ፦ ለንጉሥ ነገር ያለው ሰው በገደሉ አፋፍ በጎኑ ይቁም፤ ጀርባውን እንዳይሰጥ አንገቱን ብቻ ወደ ገደሉ ያዙር፤ ይጩኽ፤ ገደሉ ያስተጋባል፤ ንጉሡም የገደሉን ድምፅ ይሰማል። ገደል አገልጋይ አይደለም፣ ቢጮኽም አይነወርበትም።

ገደሉ ግን አመል ነበረበት። ጠንካራውን ቃል ይመልሳል፤ ለስላሳውን ይውጣል። በተለይ «አል» የምትባለውን አንድ ጊዜም መልሷት አያውቅም። «እህሉ አልደረሰም» ብለው ሲጮኹበት፣ «ደረሰም... ደረሰም...» ይላል። «መንገዱ አልተሠራም» ሲሉት «ተሠራም... ተሠራም...» ይላል። ንጉሡም ዙፋኑ ላይ ሆኖ «ተመስገን» ይላል። ሹማምንቱ ይህን ሳያውቁ ቀርተው እንዳይመስላችሁ። አሳምረው ያውቁታል። እንዲያውም ወደዱት፤ ምክንያቱም እውነቱን በሙሉ ድምፅ ተናግረው፣ ሕሊናቸውን አሳርፈው፣ ሹመታቸውንም ይዘው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። «እኛማ ነግረናቸዋል» ነው መፈክራቸው።

ታሪኩ የስንሻው ነው። ስንሻው ከደመናው ሥር የተወለደ ሰው ነው። አምባው ላይ ሁሉም በሹክሹክታ ስለሚኖር ጉሮሮ የሚባል ነገር ጠፍቷል፤ ጩኸት ሲያስፈልግ ከታች ይመለመላል። ስንሻው በበሬ ሲያርስ የሚያሰማው ድምፅ ደመናውን አልፎ አምባው ላይ ቢሰማ፣ ወደ ላይ ወሰዱት፣ ቀይ አለበሱት፣ እሱም መታየት ጀመረ። ማዕረጉ «አፈ ጨረር» ነው። ጨረሩ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በደግ አሳብ ነው፤ ክፉ ነገር ሁሉ እዚያ አገር የሚጀመረው በደግ አሳብ ነው። ከታች ያሉት ሽማግሌዎች ገደሉ ሥር ተሰብስበው በአንድ ድምፅ «ፀሐይ ጠፋን! እህላችን ሻገተ!» ብለው ጮኹ። «አል» ስላልነበረበት ገደሉ ሳይጎድል አደረሰው። ንጉሡ ሰምቶ አዘነ፣ ደረቱንም ነካ። «የራሴን ሙቀት እልክላቸዋለሁ» አለ። ያን ጊዜ ሊቀ እቶን ጓንጉል የሚባል ሰው ተጠራ። ጓንጉል በመስታወት፣ በብልቃጥና በእሳት አንድ ትልቅ እቶን ሠራ። ከእቶኑ አፍ እንደ ገመድ የተወጠረ ጨረር ይወጣል፤ ብረት ላይ ሲያርፍ ብረቱን ያቀልጣል፤ ለዓይን ግን ምንም የለም።

«የታለ?» አለ ንጉሡ።

«አይታይም፣ ንጉሥ ሆይ» አለ ጓንጉል። «ይህ ብርሃን ከቀይ በታች ነው።»

አዳራሹ ቀጥ አለ። የንጉሥ ሙቀት ከቀይ በታች? ያውም በሐምራዊው ፊት? ወዲያው ሊቀ ቃላቱ ወንድይፍራው ተነሣ። ወንድይፍራው ሰማያዊ ለባሽ ነው፤ ሥራው ነገሮችን ሳይነኩ ስማቸውን መለወጥ ነው። «ይህ ጨረር የማይታየው ከሐምራዊ በላይ ስለሆነ ነው» አለ። አዋጅ ወጣ። ጓንጉልም ራሱን ነቀነቀ። ጨረሩ ግን አዋጁን አልሰማም፤ እንደ ተፈጥሮው ከቀይ በታች ሆኖ ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ እቶኑ በተከፈተ ቁጥር መኳንንቱ ዓይናቸውን በመዳፋቸው እየሸፈኑ «አቤት ድምቀቱ!» ማለት ሥርዓት ሆነ። ዓይኑን ረዘም ላለ ጊዜ የሸፈነ ቀለሙ ከፍ ይልለታል። አንድ ብርቱካን ለባሽ እስከ እራት ድረስ ሸፍኖ ቆይቶ፣ ቢጫ ለብሶ ወደ ቤቱ በሰው እጅ ተመርቶ ገባ።

ሙቀቱስ ደረሰ? የት አባቱ ሊደርስ! ደመና ማለት እኮ ብናኝ ጠብታ ነው፤ ጠብታ ደግሞ ሆድ አላት። ጨረሩ ወደ ደመናው ሲገባ የመጀመሪያዋ ጠብታ የድርሻዬን ብላ ትቆነጥራለች፤ ሁለተኛዋም የድርሻዬን ትላለች፤ የቀረውን ወደ ጎን፣ ወደ ላይ፣ ለዘመድ ይበትኑታል። ከታች ያለው ገበሬ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ እጁ ላይ የሚያርፈው ያው ካፊያ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለ ወደ ሞፈሩ ይመለሳል።

አፈ ጨረሩ «አልደረሰም» ብሎ ጮኸ። ገደሉ «ደረሰም» አለ። ንጉሡ ግን ከታች የምስጋና እልልታ ባለመስማቱ ተቆጣ። «ሙቀቴን ጠጥተው ዝም አሉ? ኃይል ይጨመር!»

ኃይል ተጨመረ። ጠብታዎቹ ፈልተው ጠፉና ደመናው ውስጥ ቀዳዳ ተከፈተ፤ ጓንጉል ሊደሰት ሲል ነፋስ መጣና አዲስ፣ ያልጠገቡ ጠብታዎች እየገፋ አስገባ። የጠገበው ተነሥቶ የራበው ሲሾም ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። አሁንም ተጨመረ። ያን ጊዜ ጨረሩ የሚያልፍበትን አየር ራሱ አሞቀው፤ የሞቀውም አየር መልሶ ጨረሩን አጣመመው፣ አሰፋው፣ አሳሳው። ገና ተጨመረ። ደመናው መካከል ላይ ሰማያዊ እሳት ጧ ብሎ ፈነዳና ለራሱ ለጨረሩ ግድግዳ ሆነበት። ኃይል በበዛ ቁጥር የሚደርሰው አነሰ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ እዚያ አገር ሰማዩን ማረስ ስለተጀመረ፣ የሚከሰሰው ሰማዩ ሆነ። ደመናው በሌለበት በአመፅ ተከሰሰና ተፈረደበት።

ጓንጉል በመጨረሻ አንድ ዘዴ አገኘ። በመጀመሪያ «ቀዳጅ» የተባለውን፣ አጭርና ብርቱውን ጨረር ይልካል፤ እሱ ጠብታዎቹን አፈንድቶ ደመናውን ይቀድዳል። ነፋስ ቀዳዳውን ሳይደፍነው ወዲያው «አድራሽ» የተባለው ረጅሙ ጨረር ይከተላል። በሁለቱ መካከል ግን አንድ ሰው አፋፉ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ደመናው መጥራቱን አይቶ መናገር አለበት። ይህ ሰው ስንሻው ነው። ቃሉም አንድ ነው፤ «ጠራ!» በረጅም መለከት ሦስት ጊዜ ይጮኻል፣ ገደሉ ያስተጋባል፣ ንጉሡ ይሰማል፣ «ይለቀቅ!» ይላል።

ዘዴው በተሞከረ በሰሞኑ፣ አንድ ቀን በቀትር፣ የስንሻው ታላቅ እህት አንጓች ሳትጠበቅ መጥታ ከበሩ ላይ ቆመች። ጫማዋ ጭቃ፣ ነጠላዋ ጤዛ ነበር።

«እትዬ! እንዴት ገባሽ? ዘበኞቹስ?»

«አዩኝ እንጂ። ከአንደኛው ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ‹አንቺ ሴት!› ሊል አፉን ሲከፍት ጓደኛው በክርኑ ጎሸመው። የማይታይ ሰው ምን ብሎ ያስቁም? ዝንብ እንደሚያባርር እጁን አወናጨፈና ተወኝ። እኔም አለፍኩ።»

ስንሻው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ጋሼ ደምለው ደህና ነው?» አላት። ደምለው ባሏ ነው።

«አያይም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ዓይኑ ጠፋ። ‹አቤት› እንዳለ ጠፋ።» አንጓች ተቀመጠች። «በቀደም ጣራችን ተቀደደ። ክብ ሰማይ አየን፣ ጉድ ብለን ስናይ ድምፅ መጣ። ‹ጠራ! ጠራ! ጠራ!› ይላል። ንጉሥ ጠራ አልን። ንጉሥ ጠርቶ ማን ይቀራል? ደምለው ሰውን ሁሉ ቀድሞ ሮጠና አውድማው ላይ ከቀዳዳው ሥር ቆመ። ቀና ብሎ ‹አቤት!› አለ። ብልጭታ የለ፣ ነበልባል የለ፣ ምንም የለ። ዓይኑን ይዞ ቁጭ አለ። ከኋላው ያለው የጭድ ክምር ለብቻው ነደደ።»

«እኔ እኮ ንጉሥ ጠራ አላልኩም፣ እትዬ! ደመናው ጠራ ነው ያልኩት። ሰማዩ ጠርቷል ማለቴ ነው።»

«ድምፁ ያንተ እንደሆነማ ያን ጊዜውኑ አወቅሁ። ከዚህ አምባ እንዲያ የሚጮኽ ከእናታችን ልጅ ሌላ ማን አለ? ለደምለው አልነገርኩትም።» ዓይኗን ከፊቱ ላይ አላነሣችም። «ሰማዩ ጠራ ትለኛለህ። እኛ ሰማይ ሲጠራ የት አይተን እናውቃለን? ጠራ ሲባል የምናውቀው ንጉሥ ሲጠራን ነው።»

እውነቷን ነው። ያን ቃል ስንሻው ራሱ ደመና ሥር ሳለ ለሰማይ ተብሎ ሰምቶት አያውቅም፤ ለሰማይ መሆኑን የተማረው አምባው ላይ ነው።

«የምስጋና ቀን ታውጇል» አለች አንጓች። «አውድማው ላይ ዳስ ጣሉ ተብለን ጥለናል። ሲጠራ ያልወጣ ቤቱ ይፈርሳል ብለውናል። ከጠራኸን እንወጣለን ስንሻው። ሕፃን ያዘለችውም፣ ደምለውም፣ ሁላችንም። አትጥራን ወንድምዓለም።»

ይህን ብላ በመጣችበት መንገድ፣ በዘበኞቹ መካከል፣ ሳትታይ ወረደች።

ስንሻው በማግስቱ ወደ ሊቀ ቃላት ወንድይፍራው ሄደ። ወንድይፍራው ጉባኤ ሰበሰበ፤ ለቃል ሲሆን ጉባኤው ቶሎ ይሞላል። ስንሻው እስከ ወለሉ እጅ ነሥቶ፣ «ጌቶቼ፣ ‹ጠራ› የሚለው ቃል ከታች ሲሰማ ሌላ ትርጉም አለው። ሌላ ቃል ይሰጠኝ» አለ።

«‹ነጻ› ቢባልስ?» አለ አንድ ቢጫ ለባሽ። «ደመናው ነጻ፣ ለማለት።»

ወንድይፍራው ቅንድቡን አነሣ። «ነጻ? ማን ነው ነጻ የወጣው? ይህን ቃል በመለከት፣ ያውም በገደል፣ ሦስት ጊዜ ልታስጮኽ ነው?»

ቢጫ ለባሹ ባለበት ቀለጠ።

«‹ተገለጠ›ስ?» አለ ሌላው።

«ምኑ ነው የተገለጠው? ስንት ዓመት የደከምንበት እንዳይገለጥ አይደለም እንዴ?»

«እንግዲያው ‹በራ› ይባል» አለ አንድ አረንጓዴ ለባሽ። ጉባኤው በድንጋጤ ወደ ጣራው አየ። የንጉሡ ራስ ከዘውዱ ሥር በራ መሆኑን አገር ያውቃል፤ አገር የሚያውቀውን ደግሞ መናገር ክልክል ነው። አረንጓዴ ለባሹን ከስብሰባው ይዘውት ወጡ።

በመጨረሻም ወንድይፍራው ጉሮሮውን ጠረገ። «ቃሉ ንጉሣዊ ነውና ይጸናል። የሚታረመው የሰሚው ጆሮ ነው። ጆሮ የሚያርም ጉባኤ ይቋቋማል።»

«ጌታዬ፣ ጆሮው እስኪታረም ሰዎቹ ያልቃሉ» አለ ስንሻው።

«የትኞቹ ሰዎች?»

«ከታች ያሉት።»

«አየሃቸው?»

ስንሻው ዙሪያውን ቃኘ። በሩ ላይ የዓይን ሐኪሙ ቆሟል። «አላየኋቸውም» አለ፣ በገዛ አፉም አፈረ። ወንድይፍራው ፈገግ ብሎ መዝጊያውን አሳየው። የዚያን አገር ሊቃውንት ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ይህ ፈገግታ ነው፤ ተምሮ ተምሮ ለዚህ!

የምስጋናው ቀን ደረሰ። መኳንንቱ በየቀለማቸው አፋፉ ላይ ተደረደሩ፤ ገና እቶኑ ሳይሞቅ ዓይናቸውን መሸፈን የጀመሩም ነበሩ። ንጉሡ ከድንኳኑ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ስንሻው መለከቱን ይዞ ወደ ድንጋዩ ሲሄድ ጓንጉልን አገኘው። የጓንጉል ፊት አመድ መስሏል።

«ዛሬ የእቶኑን አፍ ጨርሰህ ክፈት ተብያለሁ» አለ በሹክሹክታ።

«ሲበዛ ይበተናል ብለው አልነበር እርስዎ?»

«ብያለሁ እንጂ። ‹ከዚህ በላይ አልተቻለም› ብዬ ጮኼአለሁ።»

«ገደሉስ ምን አለ?»

«‹ተቻለም› አለ።» ጓንጉል ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔማ ነግሬአቸዋለሁ።»

ይህችን ቃል ስንሻው ብዙ ጊዜ ሰምቷታል። የዚያን ዕለት ግን ጀርባውን ሰጣት። ድንጋዩ ላይ በደረቱ ተኛና አንገቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

ቀዳጁ ተለቀቀ። ምንም አልታየም፤ ደመናው ብቻ እንደ ፈላ ውሃ ተንጨረጨረና መካከሉ ላይ ተከፈተ። ከቀዳዳው ሥር አውድማው ይታያል። ዳሱ ቆሟል፣ ከበሮዎቹ ተደርድረዋል። በየደጃፉ ደግሞ ሰው ቆሟል፤ አንድ እግሩ ከደጅ አንድ እግሩ ከቤት፣ ጥሪ የሚጠብቅ ሰው። ከዚያ ርቀት ፊት አይለይም። ግን አንዷ ሴት አንዱን ሰው እጁን ይዛ ቆማ ነበር፤ ሰውየውም ጆሮውን እንጂ ፊቱን ወደ ላይ አላቀናም። ስንሻው ዝም ቢል ሌላ ጯኺ ያመጣሉ። «ጠራ» ቢል አንዲት እግር እንኳ ቤት ውስጥ አትቀርም።

ትንፋሹን ስቦ መለከቱን አነሣ።

«አልጠራም! አልጠራም! አልጠራም!»

ከታች ያለው ሰው ቃሉን የሚሰማው በቀጥታ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የሚበላው ገደል የለም። «አልጠራም አለ! ንጉሡ አልጠራም!» ተባባሉ። ካልጠራ ምን አስወጣቸው? ከደጅ የነበረው እግር ሁሉ ወደ ቤት ገባ፣ መዝጊያም ተዘጋ።

ገደሉ ደግሞ እንደ ልማዱ ለስላሳዋን ዋጠና ለንጉሡ የቀረውን አደረሰለት። «ጠራም... ጠራም... ጠራም...»

«ይለቀቅ!» አለ ንጉሡ።

እቶኑ በሙሉ አፉ ተከፈተ። አየሩ ምጣድ ላይ እንዳለ ተርገበገበ፤ የቀዳዳው ዳር ላይ ሰማያዊ እሳት ተንጣጣ፤ ጨረሩም ግማሹ ተጣሞ፣ ግማሹ ተበትኖ፣ የተረፈው አውድማው ላይ አረፈ። ዳሱ ነደደ። የከበሮዎቹ ቆዳ በተራ በተራ እየጮኸ ፈነዳ። ለምስጋና የተነጠፈው ሣር ሁሉ አመድ ሆነ። ሰው ግን አልነበረበትም።

በቀዳዳው በኩል ጥቁር ጢስ ወደ ላይ ወጣ። «ይህ ምንድን ነው?» አለ ንጉሡ።

«የምስጋና ጢስ ነው፣ ንጉሥ ሆይ» አለ ወንድይፍራው። «ከበሮውንም ሰምተዋል።»

ንጉሡ በደስታ አለቀሰ። ሙቀቱ በየወሩ እንዲላክ አዘዘ። መኳንንቱም ዓይናቸውን እንደሸፈኑ አጨበጨቡ፤ ስለማይተያዩ ብዙው ጭብጨባ ሌላው ፊት ላይ አረፈ።

ስንሻው ለጥቂት ጊዜ ያመለጠ መስሎት ነበር። ወንድይፍራው ግን አፋፉ አጠገብ ቆሞ ስለነበር በገደሉ ሳይሆን በጆሮው ሰምቷል። በማግስቱ ስንሻው ለፍርድ ቀረበ። ችሎቱም እዚያው አፋፉ ላይ ነው፤ ንጉሡ ይሰማ ዘንድ ተከሳሽ ቃሉን ለገደሉ ይሰጣል።

«ንጉሡን ክደሃል?» ተባለ።

ስንሻው አንገቱን አዞረ። ሳይጮኽ በፊት የሚሆነውን አወቀው። ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው፣ ሌላ ቃል የለውም። «አልካድኩም!» ብሎ ጮኸ።

«ካድኩም... ካድኩም... ካድኩም...» አለ ገደሉ።

«በገዛ አንደበቱ!» አለ ወንድይፍራው፣ እጁን ዘርግቶ። ስንሻው ወደ መኳንንቱ ዞረ። ሁሉም እሱ «አል» ብሎ ሲጮኽ በጆሯቸው ሰምተዋል። ጓንጉልም ሰምቷል። ሁሉም የጫማቸውን ጫፍ ያዩ ጀመር። ቀዩን ልብስ ገፈፉትና ከቀይ በታች ሆነ። ወደ ቁልቁለቱ ሲሄድ ዘበኞቹ መንገድ አልለቀቁለትም፤ የለም አይደል፣ እየተጋፋቸው አለፈ።

አንጓች ከአውድማው ዳር ተቀበለችው። ሳታለቅስ አቅፋ ያዘችውና ገንፎ አበላችው። ደምለው ድምፁን ሲሰማ ፊቱን አዞረ። ስንሻው ራሱ ነገረው፤ ድምፁ የእኔ ነበር አለው። «እኔም ሳይጠሩኝ አቤት ብዬ» አለ ደምለው በመጨረሻ። «በል ተቀመጥ፣ ጎንህ ይረፍ።»

አምባው ላይ አዲስ አፈ ጨረር ተሾመ። በየወሩ ጣራው ይቀደዳል፣ «ጠራ! ጠራ!» ይባላል፣ ባዶው አውድማ ይነድዳል። ቤት አፍራሾቹም ቤት ለማፍረስ ከቀዳዳው ሥር መቆም ስላለባቸው አልመጡም። ሕዝቡ አንድ ነገር ተማረ፤ ንጉሥ ሲጠራ «አቤት» ብሎ ወደ ቤት መግባት። ሕፃናቱ «እማ» ከማለታቸው በፊት ይህን ያውቁ ነበር። «ጠራ» ማለት «ሽሹ» ማለት ሆነ። ወንድይፍራው ያቋቋመው ጆሮ የሚያርም ጉባኤ እስከ ዛሬ ይሰበሰባል አሉ፤ ጆሮው ግን ራሱን አርሟል።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ክረምቱ ወጥቶ፣ ማንም ሳያዘው፣ ደመናው ተነሣ። ቀዳዳ አይደለም፤ ሁሉም፣ ከዳር እስከ ዳር። ንጉሡ ከሰገነቱ ወደ ታች አይቶ ጎጆዎችና እርሻ አየ። «እነዚያ ምንድን ናቸው?» ቢል፣ ወንድይፍራው «ከቀይ በታች ናቸው፣ ንጉሥ ሆይ፤ አይታዩም» አለው። ንጉሡም ዓይኑን እንዳያመው መጋረጃውን አስጣለ።

ታች፣ አንዲት ሴት ከምንጭ ስትመለስ ቀና አለችና ማሰሮዋን ጣለች። ከእሷ ቅድመ አያት ጀምሮ ማንም ያላየውን አየች። ለዚህ ያላት ቃል ደግሞ በየወሩ ጣራው ሲቀደድ የምትሰማው አንድ ቃል ብቻ ነው። ከደስታዋ ብዛት ጮኸች፤ «ጠራ! ጠራ!»

መንደሩ በሙሉ ሮጦ ቤቱ ገባ። በሮች ተዘጉ። ሴትየዋም ራሷ በጮኸችው ደንግጣ ተከትላ ገባች። ያን ያህል ዘመን የተለመነችው ፀሐይ መጥታ ባዶ መንደር ላይ ወጣች።

ስንሻው ብቻ ከደጅ ቀረ። ደምለውም መንገዱ ጠፍቶት ከግድግዳው ጥግ ቆሞ ነበር። ስንሻው ሰዎቹን ሊጠራቸው አፉን ከፈተ። ምን ብሎ? ያን የሚያህል ጉሮሮ ይዞ የሚጮኸው ቃል አጣ፤ ተናደደም፣ አምባውን ቀና ብሎ ተሳደበ።

«ይሄ ሙቀት የማነው?» አለ ደምለው ጉንጩን እየዳሰሰ። «አያቃጥልም።»

«የማንም አይደለም፣ ጋሼ ደምለው።»

አንጓች ከመዝጊያው ኋላ ሆና ተጣራች። «ስንሻው! ምን ትገተራለህ? ማነው የጠራው?»

«ማንም አልጠራም፣ እትዬ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰማዩ ነው የጠራው።»

ጥቂት ቆይቶ መዝጊያው ገርበብ አለ፤ የአንጓች እጅ ብቻ ዝናብ እንደሚለካ ሰው መዳፉን ዘርግቶ ወጣ። ደንግጦ ተመለሰ። ደምለው ግድግዳውን ተደግፎ ፀሐዩ ላይ ተቀመጠ፣ እጇም እንደገና ወጣ።